የቤተሰብ ፊልም ዲስኮች አገለባበጥና አጠባበቅ

ምንባብ

በደሴ ከተማ በአንድ ቤት ውስጥ፣ ብርጭቆና ስኒ ከሚደረደርበት ቡፌ ሥር፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። በውስጡ አርባ ሦስት ዲስኮች አሉ። ጥቂቶቹ ሽፋን አላቸው፤ የሚበዙት ግን ራቁታቸውን አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበዋል። ሁለቱ የሠርግ፣ ሦስቱ የክርስትና፣ አንዱ የምረቃ፣ ሦስቱ ደግሞ በአሜሪካ የምትኖር አክስት የላከቻቸው ናቸው። የቀሩት ሠላሳ አራቱ በየጊዜው ከገበያ የተገዙ የአማርኛ ፊልሞች ናቸው። በሠርጉ ዲስክ ላይ የቤቱ አባወራ ሙሽራ ሆነው ይታያሉ። እኒህ ሰው ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ድምፃቸው ከዚያ ዲስክ በቀር በሌላ ቦታ ተቀርጾ አይገኝም። ታናሽዋ ልጅ አባቷ ሲያርፉ የሦስት ዓመት ሕፃን ስለ ነበረች፣ የአነጋገራቸውን ቃና የምታውቀው ከዚሁ ፊልም ብቻ ነው።

አንድ ቀን ማታ ዲስኩ ዴክ ውስጥ ገባ። የሙሽራው ከቤት መውጣት፣ የሙሽሪት ቤት ግርግር፣ የምሳው ሥነ ሥርዓት በደኅና አለፉ። ሽማግሌዎች ተነሥተው የሚመርቁበት ክፍል ሲደርስ ግን ሥዕሉ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተሰባበረ፤ ድምፁም ተቆራረጠና ቆመ።

«እማዬ፣ ተበላሸ እኮ!» አለች ታናሽዋ።

«ተይው ልጄ፣ አትነካኪው። ወንድምሽ ይምጣ» አሉ እናቲቱ።

የዚህ ቤት ችግር በየቤቱ ያለ ችግር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት የቪዲዮ ካሴት ቦታውን ቀስ በቀስ ለቪሲዲና ለዲቪዲ ሲለቅ፣ ሠርጉም ክርስትናውም ምረቃውም በዲስክ ላይ መቀረጽ ጀመረ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ካሴት ይሻግታል፣ ክሩም ይበጠሳል፣ ዲስክ ግን አይሞትም ብሎ ያምን ነበር። እምነቱ ከምን እንደ መጣና ለምን ትክክል እንዳልሆነ ለመረዳት የዲስክን ተፈጥሮ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዲስክ ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ፖሊካርቦኔት ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ክብ ነገር ነው። ሲዲ በፊሊፕስና በሶኒ ኩባንያዎች ትብብር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ቀረበ። ፊልም የሚይዘው ቪሲዲ በ1993፣ ዲቪዲ ደግሞ በ1996 መጨረሻ በጃፓን ተከተሉት። በዲስኩ ላይ በእውነቱ ሥዕልም ድምፅም የለም፤ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ በሚጠመዘዝ አንድ ቀጭን መስመር ላይ ይደረደራሉ። የአንድ ሲዲ መስመር ቢተረተር ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ማጫወቻው በዚህ መስመር ላይ የሌዘር ጨረር እየላከ፣ ከተመለሰው ብርሃን መጠን ቁጥሮቹን ያነባል። ሲዲ እስከ 700 ሜጋባይት ሲይዝ፣ ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲ መስመሩ ይበልጥ የተጠጋጋ በመሆኑ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል።

ንባቡ ከመካከል ወደ ዳር መሆኑ አንድ ነገር ያስረዳል። ሰው ዲስክን የሚይዘው በጠርዙ ነው፤ ሲወድቅ የሚያርፈው፣ ከሌላ ዲስክ ጋር ሲፋተግ የሚቧጠጠውም ብዙ ጊዜ ጠርዙ ነው። በዚህም ምክንያት እስከ አፉ የሞላ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ መበላሸት የሚጀምረው ከፊልሙ መጨረሻ ነው። የደሴው ሠርግ በሽማግሌዎቹ ምርቃት ላይ የተሰናከለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሁሉም ዲስክ በአንድ ዓይነት መንገድ አይሠራም። በፋብሪካ የሚባዛው የገበያ ፊልም ቁጥሩ በፕላስቲኩ ላይ እንደ ማኅተም ተጨፍልቆ፣ በስስ አሉሚኒየም ይለበጣል። የሠርግ ቀራጩ በፎቶ ቤቱ ኮምፒዩተር የሚያዘጋጀው ዲስክ ግን የተጨፈለቀ ነገር የለውም። በውስጡ የተቀባ ስስ ቀለም አለ፤ የመቅረጫው ጨረር ቀለሙን በሙቀት እየለወጠ ምልክት ያደርግበታል። ይህ ቀለም እንደ ማንኛውም ቀለም ብርሃን፣ ሙቀትና ርጥበት ይጎዱታል። ነገሩ የሚያሳዝን ነው፤ በሺህ ቅጂ የተባዛው የገበያ ፊልም በጠንካራው ዓይነት ላይ ሲገኝ፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነው የቤተሰብ ፊልም የተጻፈው በደካማው ላይ ነው።

ጉዳቱ ቶሎ አለመታየቱ ደግሞ ሌላ ችግር ነው። በዲስክ ላይ ከፊልሙ ቁጥሮች ጋር ለስሕተት ማረሚያ የሚሆኑ ተጨማሪ ቁጥሮች አብረው ይጻፋሉ። የስሌቱን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ኢርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰሎሞን የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው። በዚህ ዘዴ ምክንያት ማጫወቻው የጠፉ ቁጥሮችን ከቀሩት ቁጥሮች እያሰላ ይተካል፤ ተመልካቹም ምንም አይታወቀውም። ጉዳቱ ከማረሚያው አቅም ሲያልፍ ግን ሥዕሉ በድንገት ይፈርሳል። ካሴት ሲያረጅ እየነጣና እየተንሾካሾከ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል፤ ዲስክ ግን እስከ መጨረሻይቱ ቀን ጤነኛ መስሎ ይቆያል። በቪሲዲ ላይ ለፊልሙ ማረሚያ የተተወው ቦታ ከሁሉ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ጭረት ቶሎ የሚጎዳው እርሱን ነው።

በአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ መመሪያ ዲስክ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ሙቀቱ ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ ርጥበት ከ20 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን ይመክራል። ለደሴ በሙቀቱ በኩል ይህ አስቸጋሪ አይደለም። በሞቃት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት በጅቡቲ ወይም በአዋሽ ሸለቆ ቆላ ለሚኖር ቤተሰብ ግን መመሪያው ከምኞት አያልፍም። እንዲህ ባለ አገር የሚቻለው ዲስኩን ከመስኮትና ከቴሌቪዥን ጀርባ ማራቅ፣ በሽፋኑ አድርጎ እንደ መጽሐፍ ማቆም፣ ከሁሉም በላይ ቶሎ መገልበጥ ነው።

ስለ አያያዙ ጥቂት መጨመር ይገባል። ዲስክ በጠርዙና በመካከለኛው ቀዳዳ ይያዛል እንጂ ፊቱ አይነካም። አቧራ ሲይዘው በለስላሳ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር ቀጥ ተደርጎ ይጠረጋል፤ ክብ እየዞሩ መጥረግ ጭረቱን ከቁጥሮቹ መስመር ጋር ስለሚያስኬደው፣ ተከታታይ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ የማረሚያው ስሌትም ይሸነፋል። በቢክ እስክሪብቶ ጫን ብሎ መጻፍ በተለይ ለሲዲ አደገኛ ነው። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ቢሆንም፣ የሲዲ የብረት ንጣፍ የሚገኘው ጽሕፈት ባለበት በኩል ከስስ ቫርኒሽ ሥር ነው። በዲቪዲ ላይ ንጣፉ በሁለት ፕላስቲኮች መካከል ስለ ተጣበቀ በዚህ በኩል ይሻላል።

ዲስኩ ራሱ ቢተርፍ እንኳ የሚያነበው መሣሪያ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በእንግሊዝ አገር የደረሰው ነው። በ1086 ንጉሥ ዊልያም የአገሩን መሬትና ሀብት አስቆጥሮ በብራና ላይ አስጻፈ፤ መጽሐፉም ዱምስዴይ ይባላል። የመጽሐፉ 900ኛ ዓመት በ1986 ሲከበር፣ ቢቢሲ የዘመኑን ኑሮ የሚያሳይ አዲስ ዱምስዴይ አዘጋጀ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙ ተማሪዎች፣ ስለ ሰፈራቸው ጻፉ፤ ፎቶግራፍም አነሡ። ሥራው ሁሉ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባላቸው ሁለት የሌዘር ዲስኮች ላይ ተቀረጸ። ዲስኮቹን የሚያነበው ልዩ ማጫወቻና ኮምፒዩተር ግን ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ አዲሱ ዱምስዴይ ለማንበብ እጅግ አስቸጋሪ ሆነ፤ በ2002 የሊድስና የሚሺገን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የድሮውን ኮምፒዩተር አሠራር የሚመስል ፕሮግራም ሠርተው ነበር ይዘቱን ለማሳየት የቻሉት። የ1086ቱ ብራና ግን ዛሬም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው በዓይኑ ያነበዋል። በትግራይ የሚገኘው የአባ ገሪማ ወንጌልም ከ1300 ዓመታት በላይ የቆየው በብራና ላይ ነው።

ዛሬ በሚሸጡ አዳዲስ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ላይ የዲስክ ማንበቢያ የለም። የቤት ዴኮችም ሲበላሹ የሚጠግናቸው ሰው እያነሰ ሄዷል። የመገልበጡ ሥራ የሚቸኩለው ስለዚህ ነው።

መገልበጥ ሲባል በሰዎች ዘንድ ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። የቪዲዮ ካሴትን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ለውጥ ነው፤ በክሩ ላይ ያለው ሞገድ ወደ ቁጥር ይመነዘራል፣ በምንዛሪውም ጥቂት ይጎድላል። በዲስክ ላይ ያለው ግን ከመጀመሪያው ቁጥር ነው። ስለዚህ በትክክል የተገለበጠ ዲስክ ከዋናው በምንም አያንስም፤ የግልባጩ ግልባጭም እንዲሁ። ጉድለት የሚመጣው ገልባጩ ፊልሙን ለማሳነስ ሲል እንደ ገና ሲጨምቀው ነው። ፎቶ ቤቶች አንዳንድ ጊዜ ይህን ያደርጋሉ፤ ምክንያቱም ደንበኛው ፊልሙ በስልኩ ላይ እንዲሄድለት ይፈልጋል። ለስልክ የተጨመቀ ቅጂ ማዘጋጀት ነውር የለበትም። ነውሩ የተጨመቀውን ይዞ ዋናውን መጣል ነው።

ለማኖር የሚሻለው የዲስኩን ሙሉ ምስል መውሰድ ነው፤ ይኸውም ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው ያለውን ሁሉ በአንድ ፋይል ማስቀመጥ ማለት ነው። ለዲቪዲ ይህ ፋይል አይኤስኦ ይባላል። ከአክስቲቱ የመጡት ዲስኮች በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰኮንድ ወደ 30 ሥዕሎች የሚያሳዩ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ የተቀረጹት በሰኮንድ 25 ያሳያሉ፤ ሁለቱንም እንደ መጡ መተው ይገባል እንጂ አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር መድከም ሥዕሉን ያበላሻል።

ዲስኩ የተጎዳ ሲሆን ትዕግሥት ያስፈልጋል። በአንዱ ማንበቢያ አልነበብ ያለ ዲስክ በሌላው ሊነበብ ይችላል። እንደ ዲዲሬስኪው ያሉ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል በሙሉ ያነቡና ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ተጎዱት ቦታዎች ተመልሰው ደጋግመው ይሞክራሉ። አንዳንዴ ይህ አንድ ሌሊት ይፈጃል። በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር ማስላት ይገባል። ይህ ቁጥር ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ ሲሆን፣ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነገር ብትለወጥ እርሱም ይለወጣል። ቁጥሩን በዓመት አንድ ጊዜ እንደ ገና አስልቶ ማስተያየት የተደበቀውን ጉዳት ያጋልጣል።

ስለ ገበያ ፊልሞቹ ሕጉ የተለየ ነው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሰው የታተመ ሥራን ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያወጣ አይከለከልም፤ አባዝቶ መሸጥ ወይም ማከፋፈል ግን የባለ መብቱ ድርሻ ነው። አሜሪካን በመሳሰሉ አገሮች ደግሞ በንግድ ዲቪዲ ላይ የተደረገውን መቆለፊያ መስበር ራሱ በ1998 በወጣ ሕግ ተከልክሏል።

ግልባጩ የት ይቀመጥ? አርባ ሦስቱም ዲስኮች ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲዎች ሆነው ሞልተው ቢሆን እንኳ፣ 43 በ4.7 ሲባዛ 202 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ለአንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ቀላል ሸክም ነው። ዘጠኙ የቤተሰብ ዲስኮች ብቻቸውን ከ43 ጊጋባይት አይበልጡም። ነገር ግን ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር አካል ስላለው ይወድቃል፣ ይነክሳል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋም ሊበላሽ ይችላል። ፍላሽም ለዓመታት ሳይሰካ ሲቀር በውስጡ የያዘው የኤሌክትሪክ ምልክት እያፈሰሰ ሊጠፋ ይችላል። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ደንብ እንዲህ ይላል፤ ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ ላይ ይሁን፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይቀመጥ። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በአንድ ቡፌ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሃርድ ዲስኮችን ሌባ በአንድ ፌስታል ይዟቸው ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚዘነጋው ግን ስም ነው። «ፊልም 1»፣ «ፊልም 2» ተብሎ የተሰየመ ግልባጭ ከሃያ ዓመት በኋላ የማያውቁት ሰው ሠርግ ይሆናል። በደሴው ሠርግ ላይ የመረቁት ሽማግሌዎች አራት ናቸው፤ ስማቸውን ከነዝምድናቸው የሚያውቁት ዛሬ እናቲቱ ብቻ ናቸው። ነጭ ጋቢ የደረቡት የአባወራው አጎት፣ ባርኔጣ ያደረጉት የክርስትና አባታቸው መሆናቸውን ከዲስኩ ቁጥሮች መካከል አንዱም አይናገርም። የዓመተ ምሕረቱ፣ የቦታውና የሰዎቹ ስም በፋይሉ መጠሪያና በአንድ ደብተር ላይ መጻፍ አለበት፤ ይህም መደረግ ያለበት የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ ነው።

ታላቁ ልጅ ለፋሲካ ዕረፍት ሲመጣ የሠርጉን ዲስክ በኮምፒዩተር ሞከረው፤ አልተነበበም። ከጎረቤት ፎቶ ቤት አሮጌ ማንበቢያ ተውሶ ማታ ላይ ሥራውን አስጀመረና ተኛ። ሲነጋ ከጥቂት ቦታዎች በቀር ሁሉም ተነቧል። ቤተሰቡ ቁርስ ሳይበላ ተሰበሰበ። ሦስተኛው ሽማግሌ ሲመርቁ ሥዕሉ ለአራት ሰኮንድ ያህል ደርቆ ቆመና እንደ ገና ተንቀሳቀሰ። «እኒህ ማን ናቸው፣ እማዬ?» እያለ ልጁ ይጠይቃል፤ እናቲቱም እየነገሩት በደብተር ይጽፋል። አራተኛው ሽማግሌ ሲጨርሱ ሙሽራው ከተቀመጡበት ብድግ ብለው «አሜን፣ ያቆይልን» አሉ። ታናሽዋ ልጅ ያችን ቦታ ሦስት ጊዜ አስደገመች።

የቃላት ፍቺ

ግልባጭ፦ ከዋናው ተመሳስሎ የተወሰደ ቅጂ
ንጣፍ፦ በአንድ ነገር ላይ የተዘረጋ ስስ ሽፋን
መመንዘር፦ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ መለወጥ
ብራና፦ ተፍቆና ተዘጋጅቶ ለጽሕፈት የሚሆን ቆዳ
መዘንጋት፦ ሳያስቡ መርሳት፣ ችላ ማለት

ጥያቄዎች

1. የሠርጉ ፊልም ከመጀመሪያው ይልቅ በመጨረሻው ክፍል የተበላሸበት ምክንያት ምንድን ነው?
2. በፋብሪካ የተባዛ ዲስክና በፎቶ ቤት የተቀረጸ ዲስክ በምን ይለያያሉ?
3. ዲስክን ክብ እየዞሩ መጥረግ የሚጎዳው ለምንድን ነው?
4. «ዲስክ ግን እስከ መጨረሻይቱ ቀን ጤነኛ መስሎ ይቆያል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
5. የ1986ቱ ዱምስዴይ ዲስኮች ሳይሰበሩ ለማንበብ አስቸጋሪ የሆኑት እንዴት ነው?

ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የሚገኝ አንድ አሮጌ ፊልም፣ ካሴት ወይም ፎቶግራፍ ምረጡ። በእርሱ ላይ የሚታዩትን ሰዎች ስም፣ ዘመኑንና ቦታውን የሚያውቅ ታላቅ ሰው ጠይቁና ያገኛችሁትን በሁለት አንቀጽ ጻፉ።